የአንድ ጎን ትኩረት ማጣት

የአንድ ጎን ትኩረት ማጣት ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚከሰት ችግር ሲሆን፣ ታማሚው ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአንድ በኩል ያለውን ነገር ልብ አይልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው ስትሮክ የአንጎልን ቀኝ ክፍል ሲጎዳ ነው፤ የሚዘነጋውም የግራ ጎን ነው።

ምልክቶች

ታማሚው ከሳህኑ በስተቀኝ ያለውን ምግብ በልቶ የግራውን ይተወዋል። ጢሙን ሲላጭ የፊቱን ግማሽ ይረሳል፣ ሲያነብ የመስመሩን መጀመሪያ ይዘላል፣ በግራው ቆሞ ለሚጠራው ሰው ላይመልስ ይችላል። ብዙዎች ችግሩ እንዳለባቸው አያውቁም። በዚህም ምክንያት ለመውደቅና ከዕቃ ጋር ለመጋጨት ይጋለጣሉ፤ መንገድ ማቋረጥም አደገኛ ይሆንባቸዋል።

ከዕይታ መጥፋት ያለው ልዩነት

በአንጎል ጉዳት ምክንያት የዕይታው ግማሽ የጠፋበት ሰው፣ ጉድለቱን ካወቀ ራሱን አዙሮ የቀረውን ያያል። ትኩረት ያጣው ሰው ግን የጎደለ ነገር ያለ ስለማይመስለው አይዞርም። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ።

የሚላኖ አደባባይ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1978 ጣሊያናውያኑ ኤዶዋርዶ ቢዚያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ ሁለት ታማሚዎችን የሚላኖን የካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ ጠየቁ። ታማሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አዙረው እንደቆሙ ሲያስቡ በስተቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ጠሩ፤ የግራዎቹን ግን አብዛኞቹን ተዉ። ከካቴድራሉ በር ሆነው ወደ አደባባዩ እንደሚመለከቱ ሲያስቡ ደግሞ ቀድሞ የተዉአቸውን ጠርተው፣ የጠሯቸውን ተዉ። ስለዚህ ትዝታው አልጠፋም፤ የጎደለው ወደ ግራ የሚዞረው ትኩረት ነበር።

መንስኤ

በሰፊው ተቀባይነት ባገኘው ማብራሪያ መሠረት የአንጎል ቀኝ ክፍል ለሁለቱም ጎኖች ትኩረት ሲሰጥ፣ ግራው ክፍል በዋናነት ለቀኝ ጎን ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ግራው ሲጎዳ ቀኙ ይተካዋል፤ ቀኙ ሲጎዳ ግን የግራውን ጎን የሚከታተል አይኖርም።

ምርመራና ሕክምና

በቀላሉ ከሚደረጉት ምርመራዎች አንዱ በወረቀት ላይ የተሰመረን መስመር መሃሉን ምልክት አድርግ ብሎ ማዘዝ ነው፤ ታማሚው ምልክቱን ከመሃል ወደ ቀኝ አርቆ ያደርጋል። በሌላው ምርመራ በወረቀት ላይ የተበተኑ ምልክቶችን እንዲሰርዝ ሲታዘዝ የግራዎቹን ሳይነካ ይተዋል።

ችግሩ በብዙዎች ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በአንዳንዶች ላይ ግን ይቆያል። በሕክምናው ታማሚው ዓይኑን ሆን ብሎ ወደ ግራ እንዲወስድ ይሠለጥናል። ዕይታን ወደ ቀኝ የሚያዞር የፕሪዝም መነጽር አድርጎ ነገሮችን በጣት መጠቆም መለማመድም ይሠራበታል፤ ውጤቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል።