ንሥረ ተፈሪና የወረቀት አምሳያዋ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣች ፖቴዝ 25 የተባለች የፈረንሳይ አይሮፕላን በመንገድ ሳታርፍ አዲስ አበባ አጠገብ ገፈርሳ ላይ ወረደች። አብራሪዋ አንድሬ ማዬ ነበር። በንጉሥ ተፈሪ መኰንን ስም «ንሥረ ተፈሪ» ተብላ ተጠራች። ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡር ሌሊት እያረፈ በሦስት ቀን የሚደርስበትን መንገድ እርስዋ በሰዓታት ፈጸመችው።

ይህን ታሪክ ተማሪ በቃሉ ብቻ ቢይዘው ቶሎ ይረሳዋል፤ በእጁ ቢሠራው ግን አይረሳውም። አይሮፕላኒቱ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 14፥ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ 9 ሜትር ያህል ነበረች። ስለዚህ መምህሩ ሃምሳ ጊዜ አሳንሶ በጠንካራ ወረቀት ቢያስነድፍ ክንፉ 28፥ ርዝመቱ 18 ሳንቲሜትር ይሆናል። ክንፎችዋ ሁለት፥ አንዱም በሌላው ላይ ናቸው፤ የታችኛው ከላይኛው ያጥራል። ይህን የዘነጋ ተማሪ ሌላ አይሮፕላን ይሠራል እንጂ ፖቴዝን አይሠራም። አምሳያው ሲወረወር አፍንጫው ቀልሎ ሽቅብ ቢነሣና ቢወድቅ፥ ጥቂት ጭቃ ከፊቱ ቢለጠፍበት ይስተካከላል፤ ያን ጊዜ ልጁ ከፊት ያለው ሞተር ክብደት ለሚዛን ምን ያህል እንደሚረዳ በዓይኑ ያያል።

በጅቡቲ ከተማ የሀራሙስ ሠፈር ልጅ የበረራውን መነሻ፥ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ መድረሻውን በቅርብ ያውቃል፤ ታሪኩ የሁለቱም ነው። ደግሞም የመጀመሪያው አብራሪ የውጭ አገር ሰው ቢሆንም፥ በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነትን ሙያ ተምረው ራሳቸው በረሩ። መምህር ለተማሪው መቀስና ወረቀት ሲሰጥ፥ ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት የሚያደርሰውን ይህን መንገድ ያስጀምረዋል።