የታየውን መሰየም፣ ምክንያቱን መሰየም፦ ከጡንቻ ሪፍሌክስ ስያሜ ታሪክ

ሙያዊ ቃል በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው በዓይን የሚታየውን ነገር መሰየም ነው፤ ሁለተኛው ነገሩን አስከተለ የተባለውን ምክንያት መሰየም ነው። ሁለተኛው መንገድ የሊቅ ሥራ መስሎ ቢታይም ምክንያቱ የተሳሳተ እንደሆነ ስያሜውም አብሮ ይሳሳታል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የጡንቻ ሪፍሌክስ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሰው እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ሳለ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው ጅማት መታ ቢደረግ፣ እግሩ ሳያዝዘው ወደ ፊት ይፈናጠራል። በ1875 ቪልሄልም ኤርብ እና ካርል ቬስትፋል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች ይህን ነገር በየበኩላቸው አጥንተው በአንድ መጽሔት ላይ አወጡ። ኤርብ ስሜቱ ወደ ሕብለ ሰረሰር ገብቶ የሚመለስ ነው ብሎ ስላመነ «የጅማት ሪፍሌክስ» አለው። ቬስትፋል በበኩሉ ጡንቻው ራሱ በቀጥታ የሚሰጠው መልስ ነው የሚል አሳብ ስለነበረው፣ «ሪፍሌክስ» የሚለውን ቃል ትቶ «ክስተት» በማለት ሰየመው። እንግሊዛዊው ዊልያም ጋወርስ ደግሞ በአማርኛ «የጉልበት ፍንጥር» ልንለው የምንችለውን፣ የታየውን ብቻ የሚናገር ተራ ቃል ተጠቀመ።

ክርክሩ ብዙ ዓመታት ፈጀ። ሪፍሌክስ አይደለም የሚሉት ወገኖች በምቱና በፍንጥሩ መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር መሆኑን ይጠቅሱ ነበር። ይሁን እንጂ በ1924 ሊዴል እና ሸሪንግተን የተለጠጠ ጡንቻ የሚሰጠው ምላሽ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገባው የስሜት ነርቭ ሥር ሲቆረጥ እንደሚጠፋ አሳዩ። በ1943 ዴቪድ ሎይድ በመንገዱ ላይ አንድ የነርቭ መገናኛ ብቻ እንዳለ ሲያረጋግጥ የጊዜው ማጠር ምክንያት ግልጽ ሆነ።

እንግዲህ ኤርብ «ሪፍሌክስ» በማለቱ ልክ ነበር፤ «የጅማት» በማለቱ ግን ስቷል። መለጠጡን የሚያውቀው ሕዋስ በጅማቱ ውስጥ ሳይሆን በጡንቻው ውስጥ ነውና። ይህን የስሜት አካል ኪዩነ በ1863 መልኩን አይቶ «የጡንቻ እንዝርት» ብሎት ነበር። ሥራው ከታወቀ በኋላም ስያሜው ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህ ሪፍሌክስ በሐኪም መዶሻ ብቻ የሚቀሰቀስ አይደለም። ቆመን ሳለ ሰውነታችን ወደ ፊት ሲያዘነብል የባታችን ጡንቻ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም መልሶ ይስባል። አንጎል ደግሞ የምላሹን ኃይል ይቆጣጠራል። በአንጎል ደም መፍሰስ ወይም በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ይህ ቁጥጥር ሲላላ ስፓስቲሲቲ የሚባለው ሕመም ይከተላል። ጄምስ ላንስ በ1980 በሰጠው ብያኔ መሠረት የሕመሙ ዋና ምልክት ከፍጥነት ጋር መያያዙ ነው፤ ክንዱ በዝግታ ሲዘረጋ ይለዝባል፣ በፍጥነት ሲዘረጋ ግን ይታገላል። በፓርኪንሰን ሕመም የሚታየው ግትርነት በአንጻሩ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ቢሳብ ያው ነው።

ተርጓሚው ሁለቱንም «ግትርነት» ቢላቸው ሐኪሙ በጥንቃቄ የለየውን ያደባልቃል። ለአንደኛው ባክሎፌን፣ ለሌላው ሌቮዶፓ የሚታዘዝ በመሆኑ ጉዳቱ የቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ስለዚህ ሁለት አሳቦች እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለ«ሪፍሌክስ» «አጸፋ» የሚለው ቃል ተስማሚ ይመስለናል። የላቲኑ ቃል ወደ ኋላ ማጠፍን ያመለክታል፤ «አጸፋ»ም ከግእዙ «ዐጸፈ»፣ ከአማርኛው «አጠፈ» ጋር የሚዛመድ ነው። በተለምዶ አነጋገር «አጸፋ» ታስቦ የሚመለስ ብድር መሆኑ እንደ ጉድለት ሊነሣ ይችላል። ሆኖም «የልጠጣ አጸፋ» ተብሎ ሲጣመር ጡንቻ ቂም ይይዛል ብሎ የሚረዳ አንባቢ አይኖርም።

ሁለተኛ፣ ስፓስቲሲቲን «የልጠጣ አጸፋ መጋነን» ብሎ መሰየም አይገባም እንላለን። ከላንስ ብያኔ ወዲህ የጡንቻው የራሱ ሕብረ ሕዋስ መድረቅም ለትግሉ ድርሻ እንዳለው ታውቋል፤ ብያኔውም በ2005 በሌሎች ተመራማሪዎች ተሻሽሏል። ምክንያቱ ገና እየተመረመረ ያለን ነገር በምክንያቱ መሰየም የኤርብን «ጅማት» መድገም ይሆናል። ለጊዜው የውጭውን ቃል እንዳለ ወስዶ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «በፍጥነት ሲሳብ የሚበረታ ግትርነት» ብሎ መፍታት ይሻላል። ይህ አፈታት የሚናገረው ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰውን ነው፤ የነገው ምርምር ስለ ምክንያቱ ምንም ቢል የተዳሰሰው አይለወጥም።