ሸራ፣ መድረክ፣ ካርኒቫል፦ የጄፍሪ ሆልደር የጥበብ ጉዞ

ጄፍሪ ሆልደር እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያርፍ፣ ስለ እሱ የጻፉት ሰዎች ተዋናይ፣ ተወዛዋዥ፣ ሠዓሊ፣ ኮሪዮግራፈር፣ የአልባሳት ንድፍ ባለሙያ እያሉ ሙያውን ደረደሩ። ዝርዝሩ ሐሰት የለበትም፤ ግን ያሳስታል። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው የሆልደር ሙያ አንድ ብቻ እንደነበር ነው፤ እሱም ሥዕልን ማንቀሳቀስ ነው።

ሆልደር በ1930 በትሪኒዳድ ዋና ከተማ በፖርት ኦፍ ስፔን ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ቦስኮ ሠዓሊም፣ ፒያኒስትም፣ ተወዛዋዥም ነበር፤ ጄፍሪን ገና በ7 ዓመቱ በውዝዋዜ ቡድኑ አስገባው። ከቤት ውጭ ደግሞ ካርኒቫል አለ። የካርኒቫል ልብስ የሚነድፍ ሰው ቀለም ይመርጣል፣ ሽቦ ያጎብጣል፣ ለባሹ እንዴት እንደሚራመድም አስቀድሞ ያሰላል። እኛ ካልጋሪ የምንኖር ሐበሾች ይህን ለማየት ትሪኒዳድ ድረስ መሄድ አያሻንም። የከተማዋ ካሪቢያውያን በሞቃቶቹ ወራት በሚያዘጋጁት ካሪፌስት፣ ከለባሹ ትከሻ በላይ የተዘረጋውን የላባ ክንፍ ያየ ሰው ሥዕሉ የት አብቅቶ ውዝዋዜው የት እንደሚጀምር ለመለየት ይቸገራል። ነገሩ ለኛም እንግዳ አይደለም፦ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ማኅሌት ቆሞ፣ በመቋሚያና በጸናጽል ወርቦ፣ ሲመለስ ብራና ላይ ሐረግ የሚስልን ደብተራ ስንት ሙያ እንዳለው ማን ቆጥሮለት ያውቃል?

በ1952 አሜሪካዊቷ ኮሪዮግራፈር አግነስ ደ ሚል የእነ ሆልደርን ቡድን በሴንት ቶማስ ደሴት አይታ ሆልደርን ወደ ኒው ዮርክ ጋበዘችው። ለጉዞው ወጪ 20 ያህል ሥዕሎቹን ሸጠ፤ ተወዛዋዦቹን ያሻገራቸው ሸራው ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው፦ በ1954 ‹ሃውስ ኦፍ ፍላወርስ› በብሮድዌይ፣ እዚያው ከተዋወቃት ተወዛዋዥ ከካርመን ደ ላቫላድ ጋር በ1955 ጋብቻ፣ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቀዳሚ ተወዛዋዥነት፣ ለሥዕሉ የጉገንሃይም ድጎማ።

ክርክሬን ከሁሉ ይበልጥ የሚደግፈው ‹ዘ ዊዝ› የተሰኘው የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ሆልደር በመጀመሪያ የተቀጠረው ልብሶቹን እንዲነድፍ ነበር፤ ሥራው ብሮድዌይ ሳይደርስ ዳይሬክተሩ ጊልበርት ሞሰስ ሲነሳ ዝግጅቱም ለእሱ ተሰጠ። ዋናዋን ገጸ ባሕሪ ዶሮቲን የሚወስዳት አውሎ ነፋስ ሰው ነው፦ አንዲት ተወዛዋዥ ከራሷ ላይ የሚወርድ እጅግ ረጅም ጥቁር ጨርቅ እያስከተለች ትሽከረከራለች፣ ጨርቁም መድረኩን ያለብሰዋል። ዶሮቲ የምትከተለው ቢጫ መንገድም አራት ተወዛዋዦች ናቸው። በ1975 ሁለት የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ፣ አንዱን በዝግጅት፣ ሌላውን በአልባሳት ንድፍ። ሁለቱም የተሰጡት ለአንድ ችሎታ ነው ባይ ነኝ።

ሁሉም ሥራው ግን እኩል አያኮራም። ለአልቪን ኤይሊ የውዝዋዜ ቡድን በሠራው ‹ዘ ፕሮዲጋል ፕሪንስ› የሄይቲውን ሠዓሊና የቮዱ ካህን ሄክተር ኢፖሊትን በክብር አቅርቦ ነበር፤ ውዝዋዜው፣ ሙዚቃውና ልብሱ የራሱ ናቸው። በ1973 ደግሞ በጄምስ ቦንድ ፊልም ‹ሊቭ ኤንድ ሌት ዳይ› የቮዱውን መንፈስ ባሮን ሳመዲን ሆኖ ሲተውን፣ ያው እምነት የቱሪስት ማስፈራሪያ ሆነ። ተዋናይም ይበላል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን የፊልሙን ውዝዋዜ ያቀናበረው እሱ ራሱ ስለሆነ ጥፋቱ በፊልም ሠሪዎቹ ላይ ብቻ አይላከክም። ነጭ የተቀባው ፊት፣ ረጅሙ ባርኔጣ፣ ሁለት ሜትር የሚጠጋው ቁመት፣ ሁሉም የካርኒቫል ናቸው። በካርኒቫል ግን ጭምብሉ የሚወጣው ምንነቱን በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ነው፤ ፊልሙ ያንን ሕዝብ አስቀርቶታል። በዓመቱ ለሃርለም የዳንስ ቴአትር በሠራው ‹ዱግላ› ሆልደር ሕዝቡን መልሶ አመጣው፦ የአፍሪካና የሕንድ ዘር የተዋሐደበት ትሪኒዳዳዊ ሠርግ፣ ከነአጃቢው።