ሁለቱ ሚያዝያ 27

የአገራችን ሰው ቀንን በቍጥር ብቻ አይጠራም። ባለ ዕዳው ብድሩን የሚከፍልበትን ቀን ሲቀጥር «በሚካኤል» ይላል፤ መንገደኛው ጕዞውን «ከመድኃኔ ዓለም በኋላ» ያደርጋል፤ እናትም የልጅዋን ልደት «በጊዮርጊስ ማግሥት» ብላ ታስታውሳለች። ስለዚህ ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአንድ ቀን ሲገጥሙ ልባችን ቶሎ ይነቃል፤ «ይህስ ያለ ምክንያት አይደለም» እንላለን። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን ቀኑ እንዴት እንደ ገጠመ ሳይመረምሩ መደነቅ ብቻውን ታሪክን አያስተምርም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ጠላትም ንጉሠ ነገሥቱም አዲስ አበባ ስለ ገቡበት ስለ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ኢየሩሳሌምም በነገሩ ውስጥ ድርሻ ስላላት፥ ታሪኩ ለተሳላሚውም ለገዳሙ ነዋሪም እንግዳ አይደለም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው በተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ተመታ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጦሩ ሜዳ ሲመለሱ ላሊበላ ገብተው ጸለዩ። ከዚያም አዲስ አበባ ደርሰው ከመኳንንቱ ጋር ከተማከሩ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን በማለዳ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ስለዚህ ነገር በዚያን ጊዜም ሆነ ኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ንጉሥ ከሠራዊቱ ጋር በአገሩ ላይ ሊሞት ይገባዋል የሚሉ ነበሩ፤ የኢትዮጵያን አቤቱታ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የሚያቆም ሰው ያስፈልጋል የሚሉም ነበሩ። ከተማይቱ ግን ጠባቂ በማጣትዋ ለጥቂት ቀናት ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም።

ከደሴ በብዙ መኪና የተነሣው የማርሻል ባዶልዮ ጦር በጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቈርጦና በጭቃ ተበላሽቶ ስለ ቈየው ዘግይቶ፥ ሚያዝያ 27 ቀን ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱንና ቤተ ሰባቸውን የያዘችው «ኤንተርፕራይዝ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ወደ ሰሜን ትጓዝ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሰች። ስደተኞቹም ከሐይፋ ወደ ኢየሩሳሌም መጥተው ቅዱሳት መካናትን ተሳለሙ። ንጉሠ ነገሥቱ ግንቦት 15 ቀን ከሐይፋ ተነሥተው ወደ አውሮፓ ሄዱ፤ ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቭ የታወቀውን ንግግራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 እንዲህ ያለ ቀን ነበር፤ ከተማይቱ በጠላት እጅ፥ ንጉሥዋም በባሕር ላይ።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አለፈ። የኢትዮጵያ ስደተኞች በልዩ ልዩ አገር ተበተኑ፤ ብዙዎችም በኢየሩሳሌም ተጠጉ። በዚህች ከተማ በስደት ከተቀመጡት አንዱ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ነበሩ። ከልጆቻቸው ሦስቱ፥ ደጃዝማች ወንድወሰን፥ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን፥ በአገር ቤት ቀርተው ጠላትን ይዋጉ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ሦስቱም ተገደሉ። አበራና አስፋወሰን የተገደሉት ምሕረት ታገኛላችሁ ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ነው። አባት ሦስት ልጆቹን ሳይቀብር በሰው አገር የመቀመጡን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኛ ብዙ አንጨምርበትም።

በዚያው ዓመት ጠላት ራሱ ቀንን ለክፋት እንዴት እንደ መረጠ እናያለን። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፥ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈ። ቀጥሎም ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ ፈረደ። ወታደሮቹ ገዳሙን የያዙት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዐፅማቸው ፍልሰት በሚከበርበት በግንቦት 12 ቀን፥ መነኮሳቱና ለበዓል የመጡት ምእመናን በአንድነት በተሰበሰቡበት ጊዜ ነው። በማግሥቱም መነኮሳቱን በመኪና እየጫኑ ወስደው ረሸኑአቸው። የኢጣልያ ሹማምንት ራሳቸው 297 መነኮሳት ተገደሉ ብለው ወደ ሮማ ቴሌግራም አደረጉ፤ ከዚያም የገዳሙን ዲያቆናት ጨመሩ። በኋላ የተደረገው ምርመራ የሟቾቹን ቍጥር ከዚህ እጅግ ከፍ አድርጎታል። ሕዝቡ የጻድቁን በዓል ስለሚያከብር፥ ያን ክብሩን እንደ ወጥመድ ተጠቀሙበት። እንግዲህ የቀን መገጣጠም ሁሉ የቸርነት ምልክት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ መመለሱ እንምጣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሰንደቅ ዓላማውንም በዚያ ተከሉ። የጎጃምን መንገድ ይዘው ከአርበኞቹና በኮሎኔል ዊንጌት ከሚመራው ጦር ጋር ተጓዙ። መጋቢት 28 ቀንም እንደ ገና ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፥ ከኬንያ ተነሥቶ በሶማልያ በኩል የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ሠራዊት አዲስ አበባን ያዘ።

ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አንድ ወር የሚያስፈልገው አይደለም። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ አዛዦች ንጉሠ ነገሥቱን አዘገዩአቸው። በከተማይቱ ውስጥ ብዙ ሺህ ኢጣልያውያን፥ ከእነርሱም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ንጉሡ ቢገቡ ሕዝቡ አምስት ዓመት ያጠራቀመውን ቂም ይወጣባቸዋል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ቀኑ እየራቀ ሄዶ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሰኞ ሆነ። በዚያን ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወርደው፥ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንገድ ዳርና ዳር ቆመው ሲጠብቁአቸው፥ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ገቡ። ባዶልዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት ሞላው።

እንግዲህ «ቀኑ እንዴት ገጠመ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ቀን የቈረጠው የጣርማ በር ጭቃና የተሰበረ መንገድ ነው፤ ሁለተኛውን ቀን ያራቀው የእንግሊዝ ሹማምንት ፍርሃት ነው። ሁለቱም ነገሮች በሰው ዓይን ሲታዩ መሰናክል ነበሩ። ነገር ግን የኋለኛው ቀን በደረሰ ጊዜ የፊተኛው ምን እንደ ነበረ ከማንም አልተሰወረም። ጠላት የገባበትን ቀን በሌላ ሥራ መሙላት የሚቻልበት ጊዜ ደረሰ፤ በምን ሥራ እንደሚሞላ ግን ገና አልተቈረጠም ነበር።

የነገሩ ሁሉ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ቀን ለሕዝቡ ሲናገሩ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላት ባደረገው ዓይነት ጭካኔ እጁን እንዳያረክስ አዘዙ። ትእዛዙን የሰሙት እነማን እንደ ነበሩ እናስብ። ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ፤ ወንድሞቻቸው በደብረ ሊባኖስ ያለቁባቸው ነበሩ። በዚሁ ዓመት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ አገራቸው የተመለሱት ራስ ካሣም የሦስት ልጆች ደም ነበረባቸው። እንግሊዞች የፈሩት እልቂት አልሆነም። አንድ ወር ሙሉ ንጉሡን ከከተማቸው ያስቀረው ፍርሃት በሕዝቡ ትዕግሥት ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውን ሚያዝያ 27 ከፊተኛው የለየው የንጉሥ መግባት ብቻ አይደለም፤ ኃይል በእጁ ሳለ የታገሠ ሕዝብ ነው።

ቀኑ ራሱም ኋላ ፈተና አግኝቶታል። በደርግ ዘመን የድሉ በዓል ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያ ዘመን በኋላ ግን ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ዛሬም የአርበኞች ድል ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የቆመው ሐውልትም መታሰቢያው ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር 27ኛው ቀን በየወሩ የመድኃኔ ዓለም ነው፤ በሚያዝያ 27 ደግሞ ስንክሳሩ የሮማኖስን ልጅ የቅዱስ ፊቅጦርን ሰማዕትነት ያነባል፤ ስሙም በሮማይስጥ «ድል አድራጊ» ማለት ነው። ፋሲካ በ1928 ሚያዝያ 4 ቀን፥ በ1933 ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ስለ ዋለ፥ ሁለቱም ሚያዝያ 27 በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ አዲስ አበባ በተያዘችበት ሰሞንም፥ ነጻ በወጣችበት ሰሞንም፥ ካህናቱ የዘመሩት ያንኑ የትንሣኤ መዝሙር ነው። የተለወጠው የከተማይቱ ዕጣ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ ቃል አይደለም።

ውድ ተሳላሚ ሆይ፥ በዚህ ቀን በኢየሩሳሌም ብትገኝ የድሉን ቀን ብቻ አታስብ። በዚህች ከተማ አምስት ዓመት ሙሉ የአገራቸውን ወሬ እየጠየቁ የኖሩትን፥ ከእነርሱም ነጻነቱን ሳያዩ ያረፉትን፥ በደብረ ሊባኖስም በበዓላቸው ቀን የተያዙትን አባቶች አስብ። ሁለቱን ሚያዝያ 27 ለይቶ የሚያከብር ታሪኩን በግማሽ ያውቃል፤ አንድ አድርጎ የሚያስባቸው ግን ሕዝቡ በዚያን ቀን ምን እንዳሳለፈና ምን እንደ ተወ ያስተውላል።