«ድጋፍ» የሚለው ስያሜና የጃንጎ የቀድሞ ሥሪቶች

አንድ ቃል የሙያ ስያሜ ሲሆን የቀድሞ ትርጕሙን ይዞ ይመጣል። «ደገፈ» የሚለው ግስ ያዘመመን ግድግዳ በባላ ማቆምንም ያመለክታል። ባላው ሲነሣ ቤቱ በዚያው ቀን አይወድቅም፤ ዳሩ ግን የሚመጣውን ዝናብና ነፋስ ብቻውን ይቋቋማል። በኮምፒዩተር ሙያ «ድጋፍ» የሚባለውም ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አለመሆኑን ከጃንጎ ታሪክ እንረዳለን።

ጃንጎ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን በአሜሪካ፣ በካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ በሎሬንስ ከተማ ጋዜጣ ውስጥ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመሩት፤ በ2005 ምንጩ ክፍት ሆኖ ለሕዝብ ቀረበ። ስሙም ከጊታር ተጫዋቹ ከጃንጎ ራይንሃርት የተወሰደ ነው። 1.0 የተባለው ሥሪት በ2008 ወጣ።

አዳዲስ ሥሪቶች በተከታተሉ ቁጥር በቀድሞዎቹ የሚሠሩ ተቋማት ሁሉን በየጊዜው መለወጥ አዳጋች ሆነባቸው። ስለዚህ በ2012 የወጣው 1.4 የረጅም ጊዜ ድጋፍ የተሰጠው የመጀመሪያው ሥሪት ሆነ፤ ድጋፉም እስከ 2015 ዘለቀ። 1.8 ከ2015 እስከ 2018፣ 1.11 ደግሞ ከ2017 እስከ 2020 ተደገፉ። የ1.11 ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። በፓይተን 2 ቋንቋ ሊሠራ የሚችለው የመጨረሻው ሥሪት እርሱ ነበር፤ በ2017 መጨረሻ የወጣው 2.0 ፓይተን 3ን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ሦስቱ ዓመታት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገሪያ ድልድይ ሆኑ።

ድጋፉ ሁለት ደረጃ አለው። በዋናው ድጋፍ ጊዜ ልዩ ልዩ ስሕተቶች ይታረማሉ፤ በተራዘመው ድጋፍ ጊዜ ግን የደኅንነት ቀዳዳዎችና መረጃ የሚያጠፉ ስሕተቶች ብቻ ይጠገናሉ።

ከዚህ በመነሣት ስለ ስያሜ ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ «እትም» ከሚለው ይልቅ «ሥሪት» የሚለውን እንመርጣለን። ቃሉ «የመሬት ሥሪት» በሚለው አነጋገር ቢታወቅም፣ ከ«ሠራ» የመጣ በመሆኑ ለዚህም ይስማማል። የመዝገበ ቃላት አሮጌ እትም በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም። የፕሮግራም አሮጌ ሥሪት ግን እንዲህ አይደለም፤ የአዲሱ ሥሪት ጥገና በይፋ ሲወጣ፣ በአሮጌው ውስጥ ሳይደፈን የቀረው ቀዳዳ የት እንዳለ ለክፉ አሳቢም ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ጊዜው ያለቀውን ሥሪት «የሞተ» ማለት ስሕተት ነው፤ ምንጩ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ በራሱ ኃላፊነት ሊጠግነው ይችላል። «ድጋፉ ያበቃ ሥሪት» ብንል እውነቱን እንገልጻለን።

ይህ ልዩነት ለቃላት አጥኚ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የሕዝብ መዝገብ የሚጠብቅ ሠራተኛ በፊቱ ያለው ሥሪት አሮጌ ብቻ ነው ወይስ ጠጋኝ ያጣ የሚለውን ከስያሜው ሊረዳ ይገባዋል።