የቦብሊንገኑ ቀዶ ሐኪም እና ዘግይቶ የደረሰው ማስረጃ

የሐሞት ከረጢትን ሆድ በሰፊው ሳይከፈት፣ በአነስተኛ ቀዳዳ በሚገባ መመልከቻ መሣሪያ እየታገዙ ማውጣት ከተጀመረ 40 ዓመት አልፎታል። ላፓሮስኮፒ የሚባለው ይህ ዘዴ ዛሬ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ጭምር የሚሠራና ለአብዛኛው የሐሞት ጠጠር ታካሚ የመጀመሪያ ምርጫ የሆነ ቢሆንም፣ ጀማሪው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ዘዴው ከነባሩ ይሻላል የሚለውን ድምዳሜ የሚፈትሸው ጥናትም የመጣው ዘዴው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ነው።

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር የሚገኝ፣ ጉበት የሚያመነጨውንና ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳውን ሐሞት የሚያጠራቅም አነስተኛ ከረጢት ሲሆን፣ በውስጡ ጠጠር ሲፈጠር ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ብርቱ ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም ኢንፌክሽንና የዓይን ቢጫ መሆን ያስከትላል። ካርል ላንገንቡኽ የተባሉ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ጠጠሩን ብቻ ማውጣት ሌላ ጠጠር የሚፈጥረውን ከረጢት መተው መሆኑን ተገንዝበው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1882 በበርሊን የአንድ የ43 ዓመት ሰው ሐሞት ከረጢት ሙሉ በሙሉ አወጡ። ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1924 ከረጢቱን በራጅ በሚያሳይ ንጥረ ነገር፣ በኋላም በአልትራሳውንድ እየተሻሻለ ቢሄድም፣ ሕክምናው ግን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሆድን በሰፊው ከፍቶ ማውጣት ሆኖ ቀጠለ።

ይህን ልማድ የሰበሩት በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በቦብሊንገን ከተማ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ የነበሩት ኤሪክ ሙህ ናቸው። በኪል ከተማ ይሠሩ የነበሩት የማህፀን ሐኪም ኩርት ዜም እ.ኤ.አ. በ1980 ትርፍ አንጀትን በላፓሮስኮፒ ማውጣታቸው ሙህን ስላነሣሣቸው፣ «ጋሎስኮፕ» የተባለ የራሳቸውን መሣሪያ አሠርተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1985 የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት በዚህ መንገድ አወጡ። በመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ላይ ሆድን በጋዝ ነፍተው በእምብርት በኩል ይገቡ የነበሩት ሙህ፣ ብዙም ሳይቆዩ ጋዙን ትተው ከጎድን አጥንት በታች በምትከፈት አንዲት ቀዳዳ ብቻ መሥራት ጀመሩ።

በተከታዩ ዓመት ውጤታቸውን ለጀርመን ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ ሲያቀርቡ የጠበቃቸው ግን ፌዝ ነበር። ሥራው «የሚኪ ማውስ ቀዶ ሕክምና» ተባለ፤ ትንሽ ቀዳዳ የትንሽ አእምሮ ምልክት ነው ብለው ያላገጡም ነበሩ። ለመቀለዳቸው ምክንያት የሆናቸው፣ በዘመኑ ትምህርት ጥሩ ቀዶ ሐኪም ማለት ሰፊ ከፍቶ አጥርቶ የሚያይ ማለት መሆኑ ነው። በኋላም አንድ ታካሚ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕይወቱ በማለፉ ሙህ በሕግ እስከ መከሰስ ደረሱ፤ ከተጠያቂነት ነፃ የወጡት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

የቀዳሚነቱ ክርክር የሚነሣውም ከዚህ ነው። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ሙሬ እ.ኤ.አ. በ1987 በሊዮን ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና አከናወኑ፤ ፍራንስዋ ዱብዋ በፓሪስ፣ ዣክ ፔሪሳ በቦርዶ ተከተሏቸው፤ ፔሪሳ እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ሉዊቪል ያሳዩት ፊልም ደግሞ ዘዴውን በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ አስፋፋው። ለፈረንሳዮቹ የሚያደሉ ጸሐፊዎች ዓለም የተቀበለው በጋዝና በበርካታ ቀዳዳዎች የሚሠራውን የፈረንሳዮቹን ዘዴ እንጂ ሙህ ኋላ የያዙትን የአንድ ቀዳዳ ዘዴ አይደለም ይላሉ። ይሁንና የሙህ የመጀመሪያ ሥራ በጋዝና በመመልከቻ መሣሪያ የተከናወነ፣ ቀኑ የታወቀና በጉባኤ ፊት የቀረበ በመሆኑ ሚዛኑ ወደ ቦብሊንገን ያደላል። ያፌዘባቸው ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1992 ሸልሟቸዋል፤ የአሜሪካ የሆድ ዕቃና የኢንዶስኮፒ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1999 ቀዳሚነታቸውን አውቆላቸዋል።

ከክብሩ ክርክር ይልቅ ትምህርት ያለው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሙህን ሳይመረምር የናቀው ሙያ፣ ከሦስትና ከአራት ዓመታት በኋላ ያንኑ ዘዴ ሳይመረምር ተቀበለው። ታካሚው ጠባሳ የሌለበትን ሕክምና ጠየቀ፤ ሆስፒታሎች ተፎካከሩ፤ ብዙ ሐኪሞች በአጭር ሥልጠና ወደ ሥራ ገቡ። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የ1,518 ታካሚዎች ጥናት፣ ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚያደርሰው ቱቦ በሰባቱ ላይ ተጎድቶ ተገኘ። በአማካይ 0.5 በመቶ ገደማ የሚሆነው ይህ ቁጥር ሲተነተን፣ እያንዳንዱ የሐኪሞች ቡድን በሠራላቸው የመጀመሪያ 13 ታካሚዎች ላይ ጉዳቱ 2.2 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ ግን 0.1 በመቶ ነበር፤ የልምምዱን ዋጋ የከፈሉት ቀድመው አልጋ ላይ የወጡት ናቸው።

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ማለትም የታካሚው ቶሎ ማገገም ከመሣሪያው ይሁን ከሌላ ምክንያት፣ በጥንቃቄ የመረመሩት የእንግሊዝ ሼፊልድ ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 200 ታካሚዎች ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገቡ በኋላ በዕጣ ተለይተው፣ ገሚሶቹ በላፓሮስኮፒ፣ ገሚሶቹ በትንሽ ክፍት ቀዳዳ ታከሙ። አስታማሚዎቹ የትኛው በየትኛው እንደታከመ እንዳይለዩ ሁሉም ሆዳቸው ላይ አንድ ዓይነት የቁስል መሸፈኛ ተደረገላቸው። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ፦ በሁለቱም ወገን የሆስፒታል ቆይታው መካከለኛ ልክ 3 ሌሊት ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምናው በላፓሮስኮፒ 65 ደቂቃ፣ በትንሽ ክፍት ቀዳዳ ደግሞ 40 ደቂቃ ፈጀ። ለመሣሪያው ይሰጥ ከነበረው ምስጋና ከፊሉ ቀዳዳው ስላነሰና ሐኪምም ታካሚም ቶሎ መዳንን ስለጠበቁ የተገኘ ነበር ማለት ነው።

ዘዴው በዚህ አልተተወም፤ መተውም አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1995 ማንኛውም ነገር ከመቆረጡ በፊት ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት አካላት፣ ቱቦውና የደም ሥሩ፣ በግልጽ ተለይተው መታየት አለባቸው የሚል መመሪያ ቀረበ፤ ሥልጠናውም በየአገሩ ሥርዓት እየያዘ ሄደ።

ዛሬ ተመሳሳይ ጥያቄ በሮቦት በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና ላይ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው፣ በ10 አገሮች 471 የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል ካንሰር ታካሚዎችን በዕጣ ባነጻጸረው ጥናት፣ ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና መዞር ያስፈለገው በተለመደው ላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ፣ በሮቦት 8.1 በመቶ ቢሆንም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን እንደሚችል ነው የተደመደመው። የሙህ ታሪክ አዲስ ነገርን በፌዝ መቀበል እንደማይገባ ያስተምራል፤ ከእርሳቸው በኋላ የሆነው ደግሞ በጭብጨባ ብቻ መቀበልም ሰው እንደሚጎዳ ያሳያል። ስለዚህ በአዲስ ዘዴ እንደሚታከም የተነገረው ሰው ዘዴው ከነባሩ ጋር በዕጣ ተነጻጽሮ ምን እንደተገኘ፣ ሐኪሙም እስካሁን ስንት ጊዜ እንደሠራው መጠየቅ መብቱ ነው፤ ሊያፍርበትም አይገባም።