የቤት ለምጽ

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። ተረቱ የሚያስታውሰን የወንዝ ሙላትን ነው። ነገር ግን ድምፅ ሳያሰማ፣ ከወለል በታች ተኝቶ ቤትን ቀስ በቀስ የሚወስድ ውኃም አለ። ይህ ውኃ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው መልእክተኛው ነው፦ በግድግዳ ግርጌ የወጣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነቁጥ፣ ጓዳው ሲከፈት አፍንጫ የሚመታ ሽታ። የሰው ልጅ ከመልእክተኛው አልፎ ላኪውን እስኪፈልግ ድረስ ረጅም መንገድ ተጉዟል።

ስለዚህ ነገር ከተጻፉት ጥንታውያን መመሪያዎች አንዱ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ይገኛል። ምዕራፉ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ለምጽ ይናገራል፤ በዘመናችን ብዙዎች ሻጋታ መሆኑን ያስባሉ። ባለቤቱ ያየውን ለካህኑ ይነግራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዛል፤ ቤቱ ርኩስ ነው ከተባለ በኋላ በውስጡ የተገኘው ሁሉ አብሮ ይረክሳልና። ድኻው ቤቱን ቢያጣ እንኳ እንስራውን እንዳያጣ የታሰበ ይመስላል። ከዚያም ካህኑ ወደ አረንጓዴነት ወይም ወደ ቀይነት የሚያደላውን፣ ከግድግዳው ገጽ ጠልቆ የሚታየውን ምልክት ይመረምራል። ወዲያው ግን አይፈርድም፤ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል። ተመልሶ ሲያይ ምልክቱ ሰፍቶ ከሆነ የተበከሉት ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ልስኑ በሙሉ ይፋቃል፤ ሌላ ድንጋይ ይገባል፤ ቤቱም እንደገና ይለሰናል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ለምጹ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል።

ላዩን አይቶ አለመፍረድን፣ መጠበቅን፣ የተበከለውን ጠርጎ ማስወገድን ይህ ሥርዓት በሚገባ ያውቃል። አንድ ጥያቄ ግን አይጠይቅም፦ እርጥበቱ ከየት መጣ?

ይህን የጠየቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው የሕንፃ ጠቢብ ቪትሩቪየስ ነው። ስለ ሕንፃ ጥበብ በጻፋቸው ዐሥር መጻሕፍት በ7ኛው ላይ፣ ከመሬት ጋር የተያያዘ ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ሦስት ጫማ ያህል በአሸዋ ፈንታ የተደቆሰ ገል በገባበት ልስን እንዲለሰን ይመክራል። ግድግዳው ዘወትር እርጥብ ከሆነ ግን ልስን ብቻውን አይበቃም። ከፊቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሁለተኛ ስስ ግድግዳ ይቁም፤ በመካከላቸው ከወለሉ ዝቅ ያለ ቦይ ይበጅ፤ ለቦዩ መውጫ፣ ከላይም ለአየሩ መተንፈሻ ይተውለት ይላል። በዚያው ምዕራፍ የግሪኮችን የብርድ ወራት መመገቢያ አዳራሽ ያወሳል። ወለሉ ሁለት ጫማ ያህል ተቆፍሮ ይደለደላል፤ ገል ይነጠፍበታል፤ በላዩ ከሰል ይጠቀጠቃል፤ ከሁሉ በላይ ከአሸዋ፣ ከኖራና ከአመድ የተለወሰ ምርጊት ይደረጋል። ከጽዋ የፈሰሰው ወይን ወዲያው ይደርቃል፤ በባዶ እግራቸው የሚያስተናግዱት አገልጋዮችም ብርድ አይሰማቸውም። ሊቁ የጌቶቹን ማዕድ ሲገልጽ የአገልጋዮቹንም እግር አልዘነጋም።

ውኃን ማስወጣት ግን ሁልጊዜ አይቻልም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1079 የተጀመረው የእንግሊዙ ዊንቸስተር ካቴድራል የቆመው ረግረጋማ ዐፈር ላይ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ግድግዳው ተሰነጣጠቀ። መሠረቱን ለማጠናከር ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃ ሞላው፤ ውኃውን ስቦ ማውጣት ደግሞ ሕንፃውን የተሸከመውን ዐፈር አብሮ እንዳይወስድ ተፈራ። ስለዚህ ዊልያም ዎከር የተባለ ጠላቂ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1911 ድረስ በድቅድቅ ጨለማ፣ በእጁ እየዳሰሰ፣ ኮንክሪት የታጨቀባቸውን ከ25,000 በላይ ከረጢቶች ከመሠረቱ ሥር ደረደረ። ካቴድራሉ ዳነ፤ ውኃው ግን አልሄደም። ከምድር በታች ያለው ክፍል ዛሬም በዝናብ ወራት በውኃ ይጥለቀለቃል።

የእኛም ክረምት ይህንኑ ያስተምራል። ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ የእርጥበት መስመር፣ ጨው የመሰለ ነጭ ብናኝ፣ የሚላቀቅ ልስን ከታች የመጣ መልእክት ነው። የሚጠራጠር ሰው ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዳር ዳሩን ይለጥፍና አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት፣ ከላዩ ከተገኘ ከክፍሉ አየር ነው። ከዚያ በኋላ የተሰበረውን አሸንዳ መጠገን፣ ቦዩን መጥረግ፣ ከቤቱ ጀርባ የተከመረውን ዐፈር ማንሣት፣ አየር ማስገባት ይከተላል። ሻጋታው የሚጠረገውም ያን ጊዜ ነው።

በነቁጡ ላይ ቀለም መቀባት ግን መልእክተኛውን አፍ ማስያዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እንዳመለከተው እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ካህኑ በር ዘግቶ ሰባት ቀን ሲጠብቅ በቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። እኛ ግን ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ ሳንጠብቅ ልጆቻችንን በዚያው ግድግዳ ሥር እናስተኛለን።